ምዕራፍ አምስት እስኪያልቅ

በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ ፊታቸው ያቆሙኛል። «አራት ነጥብ ይዛ የተመረቀች መምህርታችን ናት፤ ልምዷን ታካፍላችኋለች» ይባላል፤ ይጨበጨባል። እኔም የተለመደውን እላለሁ። የዕለቱን ትምህርት በዕለቱ አንብቡ፣ እንቅልፋችሁን ተኙ፣ ከጎበዝ ጋር ተቀመጡ፣ የድሮ ፈተና ሰብስቡ። ልጆቹ ይጽፋሉ። አንዳንዱማ «እንቅልፋችሁን ተኙ» ያልኩትን እንኳ ያሰምርበታል። የምነግራቸው ውሸት አይደለም። የኔ አራት ነጥብ እንዴት እንደመጣ ግን ከዚያ ውስጥ የለበትም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ተቀምጫለሁ፤ እንደማይወጣልኝም አውቃለሁ። የሰዎቹን ስም ለውጬዋለሁ፤ ሌላው ሁሉ እንደነበረው ነው።

ያኔ የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ዩኒቨርሲቲው ባለበት ጅግጅጋ ነው። አያቴ በወታደርነት መጥቶ የቀረ ሰው ነው። አባቴ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ፋይል ሲያወጣና ሲያስገባ የኖረ ጸሐፊ ነው። ዲግሪ የያዙ ልጆች በየጊዜው አለቃ ሆነው ይመጡበታል፤ ተቀብሎ፣ ሥራውን አስተምሮ፣ ወደዚያችው ወንበሩ ይመለሳል። እኔን ሲያስጠናኝ የማይሰለቻት አንዲት አባባል ነበረችው። «ትዕግስቴ፣ እኛ እዚህ አገር ጎሳ የለንም፣ ሞልቶ የተረፈ ዘመድም የለንም። ያንቺ ዘመድ ውጤትሽ ነው» ይለኛል። ስሰማት አደግኩ፤ ሃይማኖት ሆነችብኝ።

አምስት ሴሚስተር ሙሉ ከኤ ሌላ ግሬድ አላየሁም። ክፍሉ ውስጥ «ሰቃይዋ» ነበር የምባለው። በዲፓርትመንታችን ልማድ አንደኛ የወጣ ተማሪ እዚያው በረዳት መምህርነት ይቀጠራል፤ ስለዚህ አንዲት ቢ ማለት ለኔ የመምህርነቱ ወንበር ሄደ ማለት ነበር። ግን እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ጎበዝ አልነበርኩም። ቸካይ ነበርኩ። ሃንድአውቱን ከነነጠላ ሰረዙ እሸመድደዋለሁ፤ ጥያቄው ትንሽ ከተገለበጠብኝ ደግሞ መነሻው ይጠፋኛል። ጎበዟ ሆዳን ነበረች።

ሆዳን ቱሊ ጉሌድ ከምትባል ከተማ የመጣች ልጅ ናት፤ የዶርም ጓደኛዬ። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ነገር ሲገባት ጠረጴዛውን በጥፊ የምትመታ። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እንግሊዝኛዋ ደካማ ስለነበር የመጀመሪያ ዓመት ውጤቷ ወደኋላ ጎተታት እንጂ፣ የምታነበው ነገር ከሥሩ ይገባት ነበር። ያኔ የአንድ ለአምስት ጊዜ ነው። ተማሪው ሁሉ አምስት አምስት እየሆነ ይደራጃል፤ ከፍተኛ ውጤት ያለው መሪ ይሆናል። የቡድናችን መሪ እኔ ነበርኩ፤ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማ የምታስተምረን ግን ሆዳን ናት። ሪፖርቱ ላይ «መሪዋ አባላቱን አስጠናች» ተብሎ በኔ ስም ይጻፋል። ሆዳን ታነበውና ትስቃለች። «አባዮ፣ አስጠናሽኝ አይደል?» ትለኛለች። አባዮ ማለት በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው።

ሌላም ልማድ ነበራት። ፋይናል ሲደርስ ስልኳን ዘግታ ሻንጣዋ ውስጥ ትቆልፍበታለች። የቤቷ ሰዎች ለግመሏም ለጎረቤቱም ወሬ ሳይቀር የሚደውሉ ናቸው። «የምር የሆነ ነገር ከመጣ በትዕግስት ስልክ ደውሉ» ብላ የኔን ቁጥር ሰጥታቸዋለች። አባቷ ሞቷል፤ ቤቱን የሚመራው የእናቷ ወንድም ነው። እሷ «አብቲ» ነው የምትለው፤ የእናት ወንድም እንዲህ ነው የሚጠራው። እኔም አብቲ እለው ነበር። ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄጄ ሰንብቻለሁ። እናቷ የሰጠችኝን ሁሉ በልቼ ካልጨረስኩ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጉርሻዬን ትቆጥርልኝ ነበር።

በዚያ ሴሚስተር በጣም የፈራሁት ኮርስ ቴርሞዳይናሚክስ ነው። መምህሩ የፈተናው ግማሽ ከምዕራፍ አምስት እንደሚመጣ ነግሮናል። ምዕራፍ አምስት ደግሞ አይሸመደድም። ሞክሬዋለሁ። ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ይዤው አንድ ጥያቄ መሥራት አቅቶኝ ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። ፈተናው ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው ሆዳን «ከምሳ በኋላ ስፔስ እንገናኝ፤ እስኪያልቅ አንነሳም» አለችን። ስፔስ የምንለው ተማሪ የሚያጠናበትን ባዶ ክፍል ነው።

ስልኬ የጠራው ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ከካፌ ወጥቼ ወደ ስፔሱ እየሄድኩ ነበር። አብቲ ነው።

«ትዕግስት፣ ሆዳን የት ናት?»

«ክፍል ናት፤ እያጠናች ነው። ደህና ናችሁ?»

መጀመሪያ በአማርኛ ጀመረና ወደ ሶማሊኛ ዞረ። እኔ ሶማሊኛ እሰማለሁ፤ ከሱቁም ከሰፈሩም ለምጄዋለሁ። ስለዚህ አልሰማሁም ነበር ብዬ ማመካኘት አልችልም። «እናቷ ከትናንት ጀምሮ ታማለች። ዛሬ ጠዋት ብሶባታል። ሐኪሙ አይቷት ራሱን ነቀነቀ። ልጇን ትጠራለች። ሆዳን ዛሬ ትምጣ፤ አሁን ትነሳ» አለኝ።

«እሺ አብቲ፣ እነግራታለሁ።»

«ዛሬ ነው ያልኩት» አለና ዘጋው።

ከጅግጅጋ ቱሊ ጉሌድ በሚኒባስ ሁለት ሰዓትም አይፈጅም። ይህን አስቡልኝ። በሰባት ሰዓት ብነግራት ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እናቷ ራስጌ ትደርሳለች። አድራ ማለዳ ብትነሳ ደግሞ ለፈተናው እንኳ ትመለሳለች። ይህን ሂሳብ ያኔም ሠርቼዋለሁ። ሁለቱም ይቻል ነበር። የማይቻለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሆዳን ከሄደች ምዕራፍ አምስትን የሚነግረኝ ሰው የለም።

ስፔሱ በር ላይ ቆሜ አየኋት። ጠመኔ ይዛ ሰሌዳውን ሞልታዋለች፤ ሦስቱ ልጆች ተጎንብሰው ይጽፋሉ። «የት ነበርሽ አባዮ? ያላንቺ ጀመርን እኮ፣ ነይ ቁጭ በይ» አለችኝ። ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። ይህቺን ክፍል ትጨርስና እነግራታለሁ ብዬ ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ የምር እንደዚያ ብዬ ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከደሙ ንጹህ ነኝ ለማለት አይደለም። እኛ ቤት መርዶ እንደ ወረደ አይነገርም። ይደበቃል፣ ሰዓት ይመረጥለታል፣ ዘመድ ይሰበሰብለታል። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስፈተን አክስቴ ሞታ አባቴ ሁለት ሳምንት ደብቆኛል። ጥቁር ልብሱን ጎረቤት ቤት እያወለቀ ነበር የሚገባው። ሲነገረኝ ሰፈሩ ሁሉ «ምን ያለ ብልህ አባት ነው!» ብሎ አመሰገነው። እኔም አመሰገንኩት። ፈተና ያለበት ልጅ እንደ አራስ ነው፤ ክፉ አይሰማም። ይህ በደሜ ውስጥ ያለ ነገር ነው። በነሆዳን ዘንድ ግን እንዲህ አይደለም። እዚያ ክፉ ወሬ ወዲያው ነው የሚነገረው፤ ሬሳ አይቆይማ። ጠዋት የሞተ ከሰዓት ይቀበራል፤ የዘገየ ሰው የሚደርሰው አፈር ላይ ነው። ጅግጅጋ ተወልጄ ይህን አለማወቅ አልችልም። አውቅ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ወጥቼ አባቴ ጋ ደወልኩ። ሰው ጥፋቱን ሊሠራ ሲል የሚያጸድቅለት ሽማግሌ ይፈልጋል።

«አባዬ፣ የሆዳን እናት ታማለች አሉ። ልንገራት ወይስ ይቆይ?»

«ውይ! እኒያ ደግ ሴትዮ?» አለ አባቴ። ቀጥሎም ጠየቀኝ፤ «ፈተናችሁ መቼ ነው?»

«ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

«አይ እንግዲህ፣ ልጅቱን አትረብሿት። በፈተና ሰዓት እንዲህ ያለ አይነገርም። ነገ ከወጣችሁ በኋላ አንቺው ራስሽ ይዘሻት ሂጂ።» ከዚያ ቀስ ብሎ «በጠና ነው የታመሙት?» አለኝ።

«አላወቅኩም» አልኩት።

አባቴን ዋሸሁት። «ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ» አላልኩትም። «ልጇን ትጠራለች» አላልኩትም። ያንን ቢሰማ ኖሮ ራሱ ባጃጅ ይዞ መጥቶ ይነግራት ነበር፤ አውቀዋለሁ። ከአባቴ የፈለግኩትን ያህል ብቻ ቆርሼ ወሰድኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። የሚገርማችሁ፣ ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ይገባኝ ጀመር። ለሦስት ሳምንት ግንብ የሆነብኝ ነገር በሆዳን ጠመኔ ሥር ይፈታ ነበር። ደስ አለኝ። እናቷ እየሞተች፣ እኔ እዚያ ተቀምጬ ደስ አለኝ።

አብቲ ድጋሚ ሲደውል አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ስልኩን ይዤ ከሕንፃው ጀርባ ወጣሁ። የጅግጅጋ ንፋስ አቧራ እያነሳ ይነፍሳል።

«ተነሳች?» አለኝ ሰላምታም ሳይሰጠኝ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። «አዎ፣ ተነስተናል» አልኩት። «አብሬያት ነኝ፤ መንገድ ላይ ነን።»

«አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» ድምፁ ተሰበረ። ከኋላው የሴቶች ድምፅ ይሰማኛል። «በይ ሆዳንን ስጪልኝ። እናቷ ድምጿን ትስማ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጌላታለሁ፣ ስጪያት።»

ስልኩን መዝጋት እችል ነበር። ኔትወርክ ጠፋ ማለት ይቻል ነበር፤ እዚያ አገር ኔትወርክ ሲጠፋ የሚጠይቅ የለም። ግን አልዘጋሁትም። መጀመሪያ ትንፋሽ ሰማሁ፤ ከሩቅ እንደሚጎተት። ከዚያ ሴትዮዋ «ሆዳን... ሆዮ...» አለች። ሆዮ እናቴ ማለት ነው። የሶማሌ እናትም ልክ እንደኛዎቹ እናቶች ልጇን «እናቴ» ብላ ትጠራለች።

«ሃ፣ ሆዮ» አልኩ። አዎ፣ እማዬ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በልጇ ድምፅ።

ንፋሱ ስልኩ ውስጥ ይጮሃል። የመኪና መስኮት መሰላት መሰለኝ። «ሾፌሩን አትቸኩል በይው» አለችኝ፤ ቃል በቃል ትንፋሽ እየሰበሰበች። «መንገዱ መጥፎ ነው። ቀስ ብላችሁ ኑ። እኔ አልቸኩልም።»

«ሃ፣ ሆዮ» አልኩ እንደገና። አብቲ ስልኩን መልሶ ወስዶ «መናኸሪያው ጋ ወጥቼ እጠብቃችኋለሁ» አለኝ።

ስመለስ ሆዳን ከሰሌዳው ዞር ብላ አየችኝ። «ማነው? ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«አባቴ ነው። ንፋሱ ነው።»

«ምዕራፉ አለቀ እኮ! ያልገባሽ ነገር አለ?»

እዚያች ላይ ቆዩልኝ አንባቢዎቼ። አሁንም ጊዜ ነበር። የመጨረሻው ሚኒባስ እስኪወጣ አንድ ሰዓት ይቀረዋል። ምዕራፉ አልቋል፤ ለራሴ የገባሁት ቃል ደርሷል። በሩ ክፍት ነው፤ የቀረኝ «እናትሽ ትጠራሻለች» ማለት ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ደብተሬን ገልጬ «አንድ ጥያቄ ብቻ» አልኳት። ያቺ ጥያቄ አርባ ደቂቃ ወሰደች። ከዚያም ስልኬን ዘጋሁት።

ጠዋት ስንፈተን ከጎኔ ነበረች። ከምዕራፍ አምስት ትልቁ ጥያቄ መጣ፤ መጨረሻ ላይ የጠየቅኳት ዓይነት ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ተቀይሯል። መነሻው አልጠፋኝም። ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን ዓይኔ ፊት እያየሁ፣ ከነጠመኔው ፍንጥርጣሪ፣ መስመር በመስመር ወረቀቱ ላይ አሰፈርኩት። ቀና ስል ሆዳን ጨርሳ ፈገግ ብላ ታየኛለች። አራት ሰዓት አልፎ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ወጥተን ስልኬን ከፈትኩ። ሳልደውል ተደወለ። የአብቲ ድምፅ አይመስልም፤ ሌሊቱን ያለቀ ድምፅ ነው። «በሕይወት አላችሁ? ልጄ በሕይወት አለች?» አለኝ።

«አለች፣ አብቲ።»

«መኪናው ተገልብጦ ነው ብለን... ሌሊቱን ሁሉ መንገድ ላይ ስንፈልጋችሁ አደርን። ፖሊስ ጠየቅን።» አለቀሰ። «እህቴ ለመግሪብ ሶላት ጥቂት ሲቀር ሄደች። ሆዳንን ብለን አሳደርናት። እስከ አራት ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ በላይ አይቻልም። ቀበርናት።»

ለሆዳን «እናትሽን ትንሽ አሟት ነው፤ አሁን ነው የደወሉት» አልኳት። ይኸው ነው የኛ መርዶ፤ የሞተው ታመመ ይባላል፣ የተቀበረው ትንሽ አመመው ይባላል። ሆዳን እንደነበረች፣ ደብተሯን እንደያዘች ወደ መናኸሪያ ሮጠች። ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጣ መላልሳ በሶማሊኛ ትለምነው ነበር። «ወንድሜ፣ በአላህ ፍጠን! እናቴ ታማብኛለች፣ ፍጠን!» ሾፌሩም አዘነላትና ነዳው። እኔ ከጎኗ ሆኜ ሌላውን መልእክት በሆዴ ይዤ፣ መስኮቱ ላይ ግንባሬን ደግፌ፣ መኪናው ተገልብጦ ባለቅን ብዬ ተመኘሁ። ይህን ስጽፍ አላጋነንኩም።

ቤታቸው በር ላይ ወንዶቹ ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል። ሆዳን ድንኳኑን ስታይ ገባት። መሬት ላይ ወደቀች። ሴቶቹ ወጥተው አነሷት፤ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ይላሉ። አብቲ ሰዎቹን ገፍቶ መጣና ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ ያያት ጀመር። እውነት እሷ መሆኗን፣ ያልተሰበረ ነገር እንዳላት ይዳስሳታል። ከሰዓታት በፊት እህቱን ቀብሮ የእህቱን ልጅም ሊቀብር ሲያስብ ነው ያደረው።

«ምን ሆናችሁ ነው የቀራችሁ?» አላት በሶማሊኛ። «ትናንት እኮ በስልክ አናገርሻት። ድምፅሽን ሰምታ እኮ ነው ፊቷ የበራው። 'እየመጣች ነው፣ አትረብሿት' ብላን ዓይኗን በሩ ላይ አድርጋ ቆየች። የት ቀራችሁ?»

«እኔ?» አለች ሆዳን። «እኔ አናገርኳት?»

ያን ጊዜ ዞራ አየችኝ። ነገር በዓይን ይገባል ይባል የለም? ገባት። የትናንቱ ስልክ፣ «አባቴ ነው» ያልኩት፣ ፊቴ፣ «አንድ ጥያቄ ብቻ» ያልኩት፣ ሁሉም ተራ በተራ ሲገባት ከዓይኗ ላይ አነበብኩት። ሴቶቹ ሁሉ እኔንና እሷን ያያሉ። አንድ ቃል ብትናገር እዚያው ቢቀጠቅጡኝ ፍርድ ነው። እንዲናገሩኝም ፈልጌ ነበር፤ ቢያንስ አንድ ሰው ይጮህብኝ።

«አዎ» አለችው አብቲን። «መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸብን። ወደ ጅግጅጋ መልሶ ወሰደን። ስልኩም ባትሪ ጨረሰ።»

አብቲ ራሱን ነቀነቀ። «ቀደር ነው» አለ። አላህ ፈቅዶ ነው፤ ጽፎት ነው ማለቱ ነው። ሴቶቹ ለኔም ውሃ ሰጡኝ፤ «አብራት የመጣች እህቷ» እያሉ ጀርባዬን አሹልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ውሃ የከበደኝ ነገር የለም።

ቆይታ እጄን ይዛ ከቤቱ ኋላ፣ ሰው ወደሌለበት ወሰደችኝ። ትመታኛለች ብዬ ነበር። ዓይኗ ደርቋል።

«ምን አለችኝ?» አለች።

አልገባኝም።

«እናቴ። ስልኩ ላይ። ምን አለችኝ?»

ነገርኳት። ሆዳን... ሆዮ። ሾፌሩን አትቸኩል በይው። መንገዱ መጥፎ ነው። ቀስ ብላችሁ ኑ። እኔ አልቸኩልም።

«እንደገና በይው።»

እንደገና አልኩት። አራት ጊዜ አስባለችኝ። ቃል ሳሳስት ታርመኛለች፤ «ቅድም እንደዚህ አላልሽም» ትለኛለች። እያለቀስኩ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ። «አታልቅሺ፤ ትረሽዋለሽ» አለችኝ። በቃሏ ይዛው እስክትጨርስ ድረስ አጠገቧ አቆመችኝ፤ ከዚያ «በይ ሂጂ፤ ሚኒባስ እንዳያመልጥሽ» አለችኝ።

ሆዳን ለቀሩት ሁለት ፈተናዎች አልመጣችም። ታናናሾች ነበሯት፤ ትምህርቱን አቋረጠች። ውጤቱ ሲለጠፍ ቴርሞዳይናሚክስ ላይ ከክፍሉ ሁሉ ሁለት ኤ ብቻ ነበር። አንዱ የኔ ነው። ሌላው መታወቂያ ቁጥሩ የሷ ነው፤ ወረቀቱ ንፋስ እስኪቀደው ድረስ ቦርዱ ላይ ቆየ። እኔ በአራት ነጥብ ተመረቅኩ። አባቴ ሜዳሊያዬን መሥሪያ ቤት ድረስ ይዞ ሄዶ አሳየ። እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም፤ «ከወጣችሁ በኋላ ይዘሻት ሂጂ» ያለው እሱ ነውና፣ ብነግረው ግማሹን እሱ ይሸከመው ነበር። ቢያንስ ያቺን ሸክም አልሰጠሁትም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ልጆች፣ ከኔ ምክር ትጠብቁ ይሆናል። ውጤት ምን ዋጋ አለው ልላችሁ አልችልም፤ በውጤቴ ነው እንጀራ የምበላው። የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው። እኔ ያን ቀን ክፉ ሰው አልነበርኩም። ደግ አባት ያሳደገኝ፣ ጓደኛዬን የምወድ፣ «ይህቺን ብቻ ልጨርስ» የምል ልጅ ነበርኩ። ክፉ ብሆን ኖሮ መጸጸት ይቀለኝ ነበር። አሁን ደብተሬ ላይ ተጎንብሼ «አንድ ጥያቄ ብቻ» ያልኩባትን ልጅ ሳስብ ማን እንደነበረች አላውቃትም፤ ግን እኔው ነኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሆዳን ቶጎጫሌ ሱቅ ከፍታ እንደምትኖር ሰምቼ ቁጥሯን አፈላለግኩ። ደወልኩላት። ቱሊ ጉሌድ ሄጄ አብቲ ፊት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ፊት እውነቱን ተናግሬ ይቅርታ ልጠይቅ እንደምፈልግ ነገርኳት።

«እንዳትሞክሪው» አለችኝ። ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም። «አብቲ አርጅቷል። ሰው በመጣ ቁጥር እናቴ ከኔ ጋር ተነጋግራ፣ እየሳቀች እንደሄደች ነው የሚያወራው። እህቶቼ ምን አለችሽ ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ ስለነገርኳቸው አሁን ድምፅዋ ይሰማኛል። ንፋሱም ይሰማኛል። እኔ ራሴ የሰማሁት ነው የሚመስለኝ። አንቺ መጥተሽ እውነቱን ስትናገሪ ለኔ ምን ይቀረኛል?»

«ሆዳን፣ እኔ ግን...»

«አንቺ ከነሸክምሽ ኑሪ» አለችኝ። «የእናቴን ድምፅ ለኔ ተዪልኝ።»

ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ደውዬላት አላውቅም።